ሎይድ ሁሉ የአንድ ቤት ልጅ አይደለም፦ ስለ አንድ የዌልስ ስም የተሰጠ ምላሽ

ስለ ሎይድ ስም በአማርኛ ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የቆየ አንድ ጽሑፍ አንብበናል። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሎይድ "ባለጸጋ ነጋዴ" ማለት ሲሆን ጥንታዊ የእንግሊዝ ቤተሰብ ስም ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ መነሻው ላይ ያሉት ሁለት ኤሎች የማዕረግ ጌጥ ናቸው፤ ባንኩም፣ የመድን ቤቱም፣ መርከብ ላይ የሚነበበው ሎይድም የዚሁ ቤተሰብ ሀብት ናቸው፤ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሎይድ ጆርጅም የቤቱ ልጅ ነበር። ከዚህ ተነሥተው ጸሐፊው ከባድ ክስ ያቀርባሉ፤ በ1935 እና በ1936 ፋሺስት ኢጣሊያ ሲወርረን ጦሩን ያጓጓዘውም፣ ገንዘቡን ያበደረውም፣ የለንደንን ምክር ቤት ዝም ያሰኘውም አንድ ቤተሰብ ነው ይላሉ። መጨረሻ ላይም አውሮፓውያን ከጥንት ጀምሮ ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዳላቸው፣ በአባት ስም መጠራት የእኛ ብቻ ኋላ ቀርነት እንደሆነ ገልጸው፣ በውጭ ያሉ ወገኖቻችን "እንደ ሎይዶች" የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ይመክራሉ።

በወረራው መቆጨታቸው ተገቢ ነው፤ እኛም ያንን ለማለዘብ አልተነሣንም። ችግሩ ለዚህ ሁሉ ክስ ያቀረቡት ማስረጃ አንድ ስም ብቻ መሆኑ ነው። ስሙን በቅርብ ስናየው ክሱ ነጥብ በነጥብ ይፈርሳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

"የእንግሊዝ ስም ነው፤ ትርጉሙም ባለጸጋ ነው"

ሎይድ የዌልስ ስም ነው። የመጣው ሉይድ ከሚል የዌልስ ቋንቋ ቃል ሲሆን፣ በራሳቸው አጻጻፍ በድርብ ኤል፣ በደብልዩ፣ በዋይ እና በዲ ይጻፋል። ደብልዩና ዋይ በዚያ ቋንቋ አናባቢዎች ናቸው፤ የእንግሊዝ ጸሐፍት ግን ይህ ስላልተመቻቸው በኦ እና በዋይ ተክተው ዛሬ የምናውቀውን ሎይድ አወጡ። ቃሉ ከሀብትም ከንግድም ጋር ዝምድና የለውም፤ የቀለም ስም ነው።

መዝገበ ቃላት ብዙውን ጊዜ "ግራጫ" ብለው ያልፉታል። ይህም ቢሆን ግማሽ ትርጉም ነው። የዌልስ ቋንቋ ቀለማትን የሚከፍለው እንግሊዝኛ በሚከፍልበት መስመር አይደለም። እንግሊዞች ቡናማ የሚሉትን የመጠቅለያ ወረቀት ዌልሶች ሉይድ ወረቀት ይሉታል። አመዳዩም፣ ዳቦ ላይ የሚወጣው ሻጋታም ስማቸው የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነው፤ ግራጫ ካባ የሚለብሱት የፍራንሲስካን መነኮሳትም "ሉይድ ወንድሞች" ይባላሉ። በአማርኛ የሚቀርበው ቃል ለፈረስና ለአህያ የምንለው ቡላ ይመስለናል፤ ግራጫም ያልሆነ፣ ቡናማም ያልሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለ የደበዘዘ መልክ። ስለዚህ ሉይድ የተባለው ሰው የግድ ሽበታም ሽማግሌ አልነበረም። ፀጉሩ ገና በወጣትነቱ ቡላ ቢሆን፣ ወይም የፊቱ መልክ እንዲያ ቢሆን፣ ስሙ ሊወጣለት ይችል ነበር።

በጥንቱ የዌልስ ጽሑፍ ቃሉ ሌላም ፍቺ አለው፤ ስለ ቅዱሳንና ስለ መነኮሳት ሲነገር "ቅዱስ፣ ብሩክ" ማለት ነበር። ይህ ድርብ ትርጉም እስከ ዛሬ ሰው ያከራክራል። በደቡብ ዌልስ በክረምቱ አጋማሽ የፈረስ ራስ ቅል በዘንግ ላይ ሰክተው፣ ነጭ ጨርቅ አልብሰው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ከቤቱ ባለቤት ጋር በግጥም የሚሟገቱበት ልማድ አለ። ስሙ ማሪ ሉይድ ነው። ገሚሱ "ግራጫዋ ባዝራ" ነው ሲል፣ ገሚሱ "ቅድስት ማርያም" ነው ይላል፤ ሁለቱም ወገን የቆመው በዚችው አንዲት ቃል ላይ ነው።

ከሉይድ ጋር በአንድ መንገድ የመጡ ሌሎች ስሞችም አሉ። ዊን የመጣው "ነጭ" ከሚለው ቃል ነው፤ ጎፍ "ቀይ" ከሚለው፤ ቮን ደግሞ "ትንሹ" ወይም "ታናሹ" ከሚለው። ሁሉም መጀመሪያ ቅጽል ነበሩ፤ አንዱን ዳቪድ ከሌላው ዳቪድ ለመለየት ጎረቤት ያወጣቸው። ቡላ መልክ ያለው ሰው ደግሞ በየሸለቆው ይገኛል። ስለዚህ ሎይድ የሚለው ስም እርስ በርስ ዝምድና በሌላቸው ብዙ ቤቶች፣ በተለያየ ዘመን፣ ለየብቻ ተነሥቷል። "የሎይድ ዘር" የሚባል አንድ ሐረግ የለም፤ የዚህ ምላሽ እምብርትም ይኸው ነው።

"ሁለቱ ኤሎች ጌጥ ናቸው"

ይህ ነጥብ ትንሽ ቢመስልም ልንቆይበት እንወዳለን፤ ለአማርኛ አንባቢ ከሌላው ሁሉ የሚቀርበው እሱ ነውና።

በዌልስ ፊደል ገበታ ድርብ ኤል ራሱን የቻለ አንድ ፊደል ነው። መዝገበ ቃላት ሲገለጥ ከኤል ቀጥሎ የራሱ ክፍል አለው። ድምፁም የተለየ ነው፤ አወጣጡም እንዲህ ነው። የምላስን ጫፍ ልክ "ል" ሲባል እንደሚደረገው ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ካለው ድድ ጋር ያጣብቁ፤ ከዚያ አያነቃንቁት። አሁን ጉሮሮን ሳያሰሙ ትንፋሹን በምላስ ጎንና ጎን ይንፉ። እጅዎን ጉሮሮዎ ላይ አድርገው መፈተሽ ይችላሉ፤ "ል" ሲሉ ይነዝራል፣ በዚህኛው ጸጥ ይላል። ሲሳሳት የት እንደተሳሳተም ወዲያው ይታወቃል። ምላስ ከድድ ከለቀቀ "ሽ" ይሆናል። ጉሮሮ ከተሰማ ተራ "ል" ይሆናል። አፉን ከፍቶ በ"ህ" ጀምሮ ወደ "ል" የሚሻገር ሰው "ህል" ይላል፤ እሱ ቢያንስ ቀርቧል።

እንግሊዞች ይህ ድምፅ ስለሌላቸው ጆሯቸው በሁለት ከፈለው። አንዳንዱ "ል" ብቻ ሰማና ሎይድ ብሎ ጻፈ። ሌላው ደግሞ ትንፋሹን እንደ "ፍ" ሰምቶ ፍሎይድ አለ። ዛሬ በአሜሪካ የምናውቀው ፍሎይድ የሚለው ስም በአብዛኛው የዚህ የጆሮ ስሕተት ልጅ ነው። ፍለድ የሚባሉት ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከፊሎቹ ከዚሁ ሲመጡ፣ ሌሎቹ ግን የወንዝ ዳር ነዋሪ ከሚል የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከፊሎቹም ከአየርላንድ ስሞች የመጡ ናቸው።

ድምፁ ለእኛ ሙሉ ለሙሉ ባዕድ አይደለም። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ ዛሬ በአንድ ድምፅ ይነበባሉ፤ ተማሪ ሁሉ "ታዲያ ለምን ሁለት ሆኑ?" ብሎ ጠይቆ ያውቃል። የሴማውያን ቋንቋዎች አጥኚዎች እንደሚሉት፣ ሠ የወረሰው ጥንታዊ ድምፅ በጥንተ ሴማዊው ቋንቋ ልክ እንደ ዌልሱ ድርብ ኤል በምላስ ጎን የሚነፋ ነበር። በግዕዝ በሠ የሚጻፈው ዐሥር በዕብራይስጥ በግራ በኩል በተነጠበው ሺን ማለትም በሲን ይጻፋል፤ በዐረብኛ ደግሞ ዐሽር ይሆናል። ሦስቱ ቋንቋዎች አንዱን ጥንታዊ ድምፅ በየፊናቸው ይዘውት ሄደዋል። በየመንና በዑማን መህሪ የሚናገሩ ሰዎች፣ በሶቆጥራ ደሴትም ሶቆጥሪ የሚናገሩት እስከ ዛሬ ድምፁን ጠብቀው ያሰሙታል። አንድ ምስክር ከመጽሐፍ ቅዱስ እንጨምር። በዕብራይስጡ ካስዲም የተባሉት ሰዎች በአካድኛ ማለትም በጥንቱ የባቢሎን ቋንቋ ካልዱ፣ በግሪክ ካልዳዮይ፣ በእኛ ደግሞ ከለዳውያን ናቸው። አንዱ ጆሮ "ስ" የሰማበትን ቦታ ሌላው "ል" ሰምቶታል፤ ሎይድና ፍሎይድ የተለያዩትም በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው።

ፊደሉን "ጌጥ" ያስመሰለው የእንግሊዝ አጻጻፍ እንጂ የስሙ ባለቤቶች አይደሉም። በ1527 ተወልዶ በ1568 የሞተው የካርታ ሊቅ ሃምፍሪ፣ ስሙን በዌልስ አጻጻፍ ሉይድ ብሎ ይጽፍ ነበር፤ የዌልስ ካርታውም ከሞተ በኋላ በ1573 በኦርቴልየስ አትላስ ውስጥ ታትሟል። ከ1660 እስከ 1709 የኖረው የቋንቋና የተፈጥሮ ተመራማሪው ኤድዋርድ ደግሞ የአባቱ ስም ሎይድ ሆኖ ሳለ፣ ትንፋሹን ለማሳየት ሲል ስሙን በኤል እና በኤች አስጀምሮ ይጽፍ ነበር። በኦክስፎርድ የአሽሞሊያን ቤተ መዘክር ኃላፊ የነበረው ይህ ሰው በ1707 ባሳተመው ሥራው ዌልስኛን፣ ብሬተንኛን፣ ኮርኒሽንና አይሪሽን አንድ ላይ አወዳድሯል። በስኖውዶኒያ ተራሮች የምትበቅለው ትንሽ ነጭ አበባም ሎይድያ ተብላ በእሱ ስም ተጠርታ ነበር። አባትና ልጅ በሁለት አጻጻፍ መጠራታቸው በዚያ ዘመን የስሙ ፊደል ገና እንዳልረጋ ያሳያል፤ የአንድን ሎይድ ዘር በቤተ ክርስቲያን መዝገብ የሚፈልግ ሰው አምስት ስድስት አጻጻፍ ካልሞከረ ግማሹን ያጣል።

"በአባት ስም መጠራት የእኛ ብቻ ነው"

ጸሐፊው በጣም የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ምክራቸውም ሰው ሊከተለው ስለሚችል ዝም ብለን አናልፈውም።

ዌልሶች ለብዙ መቶ ዓመታት የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ "አፕ" ማለትም "የ... ልጅ" ይልና የአባቱን ስም ይጨምራል፤ ሲያስፈልግ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያስከተለ ይሄዳል። ሴት ከሆነች "ቬርኽ" ማለትም "ልጅት" ይገባል፤ ስታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥል ነበር። የዘር ቆጠራው ለጌጥ አልነበረም። በዌልስ ሕግ የአባት መሬት ለወንዶች ልጆች እኩል ይከፈል ነበር፤ ክፍፍሉም በአንድ ቅድመ አያት እስከሚገናኙ ዘመዳሞች ድረስ እንደገና ሊነሣ ይችል ነበር። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው፣ እነሱም ለርስት ይቆጥሩ ነበር።

ቋሚ ስም የመጣው ከላይ ነው። በ1536 እና በ1543 የወጡት አዋጆች ዌልስን ከእንግሊዝ ሕግ ጋር አዋሃዱ፤ የፍርድ ቤትና የሹመት ቋንቋም እንግሊዝኛ ሆነ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ አራት ትውልድ የሚቆጥር ስም መጻፍ አልፈለገም። መጀመሪያ ባላባቶቹ፣ ቀስ በቀስ ሌላው ሕዝብ አንዱን ስም ይዞ ቀረ፤ በገጠር አካባቢ ግን የአባት ስም አጠራር እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ዘልቋል። አፕ ከሚከተለው ስም ጋር ተጣብቆም አዲስ ስም ወለደ። አፕ ሃውል ፓወል ሆነ፣ አፕ ሪስ ፕራይስ፣ አፕ ሂው ፒው፤ ከአናባቢ በፊት አብ ስለሚሆን አብ ኦወን ቦወን፣ አብ ኢቫን ቤቫን ሆነ። ዳቪድ ሉይድ አፕ ኢቫን የሚባል ሰው ካለ፣ ጸሐፊው ኢቫንን ከመረጠ ልጆቹ ኢቫንስ ወይም ቤቫን ሆነው ይቀራሉ፤ ቅጽሉን ከመረጠ ሎይድ ይሆናሉ። የዚያ ሰው ዘሮች የትኛውን እንደያዙ የሚወስነው ዘር ሳይሆን የጸሐፊው ብዕር ነው።

ውጤቱ ጸሐፊው እንደሚሉት ሥርዓት አላመጣም። የክርስትና ስሞቹ ጥቂት ስለነበሩ፣ ሲቆለፉ አገሩ በጆንስ፣ በዊልያምስ፣ በዴቪስ፣ በኢቫንስና በቶማስ ተሞላ። አንድ መንደር ውስጥ ሦስት አራት ጆን ጆንስ ሲኖር፣ ሰው ተመልሶ በሥራው ወይም በእርሻው ስም ይጠራ ጀመር። ብዙዎችም የእናታቸውን ስም መሐል ላይ አስገቡ፤ ሎይድ ጆንስ የሚለው ድርብ ስም የዚህ ልጅ ነው። በዘመናችን ደግሞ የቤተሰብ ስሙን ትተው ወደ አፕ የተመለሱ ዌልሶች አሉ። ጸሐፊው እንደ አርአያ ያቀረቡት ሕዝብ እኛ ከቆምንበት ነው የተነሣው፤ ከፊሉም ወደዚያው እየተመለሰ ነው።

በውጭ ቅጽ ላይ ችግር መኖሩን ግን አንክድም፤ መፍትሔው ስምን መናቅ አይደለም። አባት ከበደ ተሰማ፣ እናት አልማዝ ወልዴ፣ ልጅ ሰላም ከበደ ቢሆኑ በቅጽ ላይ ሦስት "የቤተሰብ ስም" ይወጣል፤ ድንበር ላይ ሕፃኗን የያዘ ወላጅ ዝምድናውን እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ስለዚህ የልደት የምስክር ወረቀቷ ከነትርጉሙ አብሮ መያዝ አለበት። ቋሚ ስም ለመያዝ ከተወሰነም ለሁሉም ልጆች አንድ ስም መርጦ፣ በልደት ወረቀት፣ በትምህርት ቤትና በፓስፖርት ላይ በአንድ የላቲን አጻጻፍ ማስመዝገብ ይገባል፤ አንዱ ፊደል ከተለየ ለኮምፒዩተሩ ሌላ ሰው ነው። ገብረማርያምን፣ ወልደሥላሴንና የመሳሰሉትን ደግሞ አያይዞ መጻፍ ይሻላል። ተለያይተው ከተጻፉ ገብረ የመሐል ስም፣ ማርያም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀራል። ሎይድ ጆንስ የሚባሉትንም የሚያስቸግራቸው ይኸው ነው፤ በመሐሉ ጭረት ከሌለ ሎይድ ከስሙ ተቆርጦ ይወድቃል።

"ባንኩና መድኑ የአንድ ቤተሰብ ናቸው"

በአማርኛ ሁለቱም ሎይድስ ተብለው ስለሚጻፉ መምታታቱ አይገርምም። በላቲኑ ግን ልዩነት አለ፤ የለንደኑ የመድን ገበያ ከኤስ በፊት ከላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ጭረት አለችው፣ ባንኩ የለውም። ጭረቷ "የሎይድ" ማለት ናት፤ የሚባለው ሎይድም የቡና ቤት ባለቤት ነበር።

ኤድዋርድ ሎይድ በለንደን ታወር ጎዳና የከፈተው ቡና ቤት ስሙ የተመዘገበው በ1680ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በ1691 ወደ ሎምባርድ ጎዳና ተዛወረ። ያን ጊዜ ለንደን የሚጠጣው ቡና ከየመኑ ሞካ ወደብ የሚመጣ ነበር፤ የተክሉ ጥንተ መነሻ ደግሞ የእኛው ደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ደንበኞቹ የመርከብ ባለቤቶች፣ ካፒቴኖችና ነጋዴዎች ነበሩ። ሎይድ ጠረጴዛ፣ ቀለምና ወረቀት አቀረበላቸው፤ ከየወደቡ የመርከብ ወሬ ሰበሰበላቸው። እሱ ራሱ አንዲት መርከብ እንኳ መድን አልገባላትም።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የአንዲት መርከብና የጭነቷ ዋጋ 10,000 ፓውንድ ቢሆን ደላላው ዝርዝሩን በወረቀት ላይ ጽፎ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራል። አንዱ ከግርጌው ስሙን ጽፎ "500 በእኔ" ይላል፤ ሌላው "300"፤ ሙሉው እስኪሞላ። መርከቧ ከሰጠመች እያንዳንዱ የፈረመውን ያህል ብቻ ይከፍላል፤ የጎረቤቱ ዕዳ አይነካውም። ወረቀቱ ሳይሞላ መርከቧ ከወጣች ያልተሸፈነው ድርሻ በባለቤቷ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ሎይድ በ1713 ሞተ። በ1769 ቁማርተኞች ቤቱን ስላበላሹት ቁም ነገረኞቹ ነጋዴዎች ተለይተው ወጡ፤ በ1771 ደግሞ 79 ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ፓውንድ አዋጥተው ገበያውን የራሳቸው አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ማንም የሎይድ ቤተሰብ ባለቤት ሆኖ አያውቅም። እስከ ዛሬም ተቋሙ አንድ የመድን ኩባንያ ሳይሆን ብዙ ቡድኖች የሚሸጡበት ገበያ ነው። የቡና ቤቱ ትዝታ ግን አልጠፋም። የበር ሠራተኞቹ እስከ ዛሬ "አስተናጋጅ" ተብለው ይጠራሉ፤ በ1799 ከሰጠመችው ሉቲን የጦር መርከብ የወጣው ደወል በአዳራሹ መሐል ተሰቅሏል፤ የጠፉ መርከቦችም በላባ ብዕር በመዝገብ ላይ ይጻፋሉ። በዚያ ገበያ አንድ ነጋዴ ለኢጣሊያ መርከብ መድን ገብቶ ቢሆን እንኳ፣ ሥራው የዚያ ነጋዴ ነው፤ የሎይድ ቤተሰብ ሥራ ሊሆን አይችልም።

ከዚያው ቡና ቤት ደንበኞች በ1760 የወጣው የመርከብ መዝገብም ሌላ ድርጅት ነው። እሱ የመርከቦችን ጥንካሬ ይመረምራል። መጀመሪያ ላይ ለአካሉ በአናባቢዎቹ፣ ማለትም በኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ እና ዩ ደረጃ ይሰጥ ነበር፤ ለመልሕቅና ለገመዱ ደግሞ ጥሩ፣ መካከለኛና መጥፎ ይል ነበር። ኋላ ቁጥር ገባና ምርጧ መርከብ ኤ ዋን ተባለች። ዛሬ ጥሩ ዕቃ ሲገኝ "ኤ ዋን ነው" የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው።

ባንኩ ፍጹም የተለየ መነሻ አለው። የተከፈተው ሰኔ 3 ቀን 1765 በበርሚንግሃም ነው፤ መሥራቾቹም የልብስ ቁልፍ አምራቹ ጆን ቴይለርና የብረት ነጋዴው ሳምፕሰን ሎይድ ነበሩ። የሳምፕሰን ቤተሰብ ከመካከለኛው ዌልስ፣ ዶሎብራን ከሚባል ርስት የመጣ፣ ኩዌከር የሚባለውን ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የተለየ የክርስትና ወገን እምነት የሚከተል ቤተሰብ ነው። በ1662 ከዚያ ቤት ቻርልስ ሎይድ በእምነቱ ምክንያት በዌልሽፑል ታስሯል። ኩዌከሮች መሐላ ስለማይምሉ ከሹመትና ከዩኒቨርሲቲ ተከለከሉ፤ የቀራቸው መንገድ ንግድ ብቻ ነበር። የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ደግሞ ስማቸው የተወሰደው ሉይድያርዝ ከተባለ ርስት እንደሆነ ይናገራል፤ ማለትም እዚህ ስሙ የመጣው ከሰው መልክ ሳይሆን ከቦታ ነው።

ባንኩ እስከ 1864 ድረስ ከበርሚንግሃም ውጭ ቅርንጫፍ አልነበረውም። የባንኩ ምልክት የሆነው ጥቁር ፈረስም የቤተሰቡ አርማ አይደለም፤ በ1884 ባንኩ አንድ የለንደን ባንክ ሲገዛ በሎምባርድ ጎዳና የነበረውን የወርቅ አንጥረኛ ምልክት አብሮ ወረሰ። ቡና ቤቱና የባንኩ የለንደን ቤት በአንድ ጎዳና ላይ መገጣጠማቸው ብዙ ሰው አሳስቷል። ጸሐፊው ይህ ባንክ ለወረራው አበድሯል ሲሉ የውል ቀን፣ መጠን ወይም ተበዳሪ አንድም አልጠቀሱም።

"መርከቦቹም የእነሱ ናቸው"

የኢጣሊያን ጦርና ስንቅ ወደ ምጽዋ ካመላለሱት መርከቦች መካከል የሎይድ ትሪየስቲኖ መርከቦች ነበሩ። ይህ እውነት ነው። ግን ሎይድ ትሪየስቲኖ ማን ነው? በ1833 ትሪየስቴ በኦስትሪያ ግዛት ሥር ሳለች የከተማዋ ነጋዴዎች የለንደኑን የመርከብ ወሬ አሰባሰብ ወደውት "የኦስትሪያ ሎይድ" ብለው ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1836 የእንፋሎት መርከብ ጨመሩበት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ ለኢጣሊያ ስትሰጥ ኩባንያው ስሙን ቀየረ፤ በ1936 መጨረሻ ደግሞ ፊንማሬ በተባለው የኢጣሊያ መንግሥት ድርጅት ሥር ገባ። ከዌልስ ሎይዶች አንድም ሰው በውስጡ የለበትም። ለዚያ ጭነት ተጠያቂው የሙሶሊኒ መንግሥትና የራሱ ኩባንያ ነው፤ ዕዳውን ወደ ለንደን ቤተሰብ ማዛወር ለእነሱ ማቅለል ይሆናል።

በአውሮፓ ወደቦች ሎይድ የመርከብና የመድን ሥራ መጠሪያ ሆኖ ነበር፤ የፈለገ ሁሉ ይወስደዋል። የጀርመኗ ወደብ ብሬመን በ1857 የሰሜን ጀርመን ሎይድ የተባለ የመርከብ ኩባንያ አቋቋመች፤ እሱም በ1970 ከሃምቡርጉ የመርከብ ኩባንያ ከሃፓግ ጋር ተዋህዶ ሃፓግ ሎይድ ሆነ። ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ በሚወስደው መንገድ የሚታዩት ይህ ስም የተጻፈባቸው ብርቱካናማ ኮንቴይነሮች የዚህ ጀርመናዊ ኩባንያ ናቸው። ኋላ የቡዳፔስት ክፍል በሆነችው በፔስት በ1854 በጀርመንኛ መታተም የጀመረ የሎይድ ጋዜጣ ነበር። በብሬመን ደግሞ የመኪና አምራቹ ቦርግቫርድ በ1950 ያወጣት ሎይድ የተባለች ትንሽ መኪና ነበረች፤ አካሏ ከእንጨት ተሠርቶ በሰው ሠራሽ ቆዳ የተለበጠ ስለነበር ሲቀደድ በቁስል ፕላስተር ይጠገናል እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ካናዳ ውስጥ ያለችው ሎይድሚንስተር ከተማ ግን የተሰየመችው ሎይድ በሚባል ቄስ ነው።

"ጠቅላይ ሚኒስትሩም የቤቱ ልጅ ነበር"

ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ የተወለደው በ1863 በማንቸስተር ነው። አባቱ ዊልያም ጆርጅ የሚባል መምህር ነበር፤ የቤተሰቡ ስም ጆርጅ ነው። ወንድሙም እስከ ዕለተ ሞቱ ዊልያም ጆርጅ ተብሎ ነው የኖረው። አባታቸው በ1864 ሲሞት እናታቸው ኤልሳቤጥ ሎይድ ልጆቿን ይዛ ሰሜን ዌልስ ወደምትገኘው ላንስቱምድዊ መንደር፣ ወደ ወንድሟ ወደ ሪቻርድ ሎይድ ተመለሰች። ሪቻርድ ጫማ ሠሪና የመንደር ሰባኪ ነበር። ዴቪድ ሎይድን በስሙ ውስጥ አጥብቆ የያዘው ላሳደገው ለዚህ አጎቱ ነው። ከበርሚንግሃም ባንክም ሆነ ከለንደን ቡና ቤት ጋር አይገናኝም።

የሕንጻ ባለሙያው ፍራንክ ሎይድ ራይትም እንዲሁ ነው። በ1867 በዊስኮንሲን ሲወለድ የመሐል ስሙ ሊንከን ነበር፤ ከምዕራብ ዌልስ የተሰደደውን የእናቱን ወገን፣ የሎይድ ጆንሶችን ስም ኋላ ራሱ ወሰደ። በስዊዝ ቦይ ቀውስ ጊዜ የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሰልዊን ሎይድ ግን በእርግጥ የቤተሰብ ስሙ ሎይድ ነው፤ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበረው ሎይድ ኦስቲን ደግሞ በመጠሪያ ስሙ። ጽሑፉ እነዚህን ሁሉ "ሚስተር ሎይድ" ብሎ በአንድ ከረጢት ከቷቸዋል።

የቀረው "ምክር ቤቱን ዝም አሰኘ" የሚለው ክስ ነው። ሎይድ ጆርጅ ነቀፋ የሌለበት ሰው አልነበረም፤ በ1936 መስከረም ወር ሂትለርን ጎብኝቶ አወድሶ መመለሱ ይታወቃል። በኢትዮጵያ ጉዳይ ግን የሆነው ጸሐፊው ከሚሉት ተቃራኒ ነው። ሰኔ 18 ቀን 1936 የብሪታንያ መንግሥት በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ መወሰኑን ለምክር ቤቱ ሲያስታውቅ፣ የ73 ዓመቱ ሎይድ ጆርጅ ተነሥቶ ሚኒስትሮቹን ፊት ለፊት በፍርሃትና በክህደት ወነጀላቸው። ይህ የሆነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ ንግግራቸውን ከማድረጋቸው 12 ቀን በፊት ነው። የዚያን ቀን ክርክር ሃንሳርድ በሚባለው የምክር ቤቱ መዝገብ ውስጥ ቃል በቃል ታትሞ ይገኛል፤ የሚፈልገው ሰው ተናጋሪውን ሎይድ ጆርጅ ብሎ እንጂ ሎይድ ብቻ ብሎ አይፈልግ፤ እንዲያ ካደረገ ሌላ ሰው ያገኛል።